ወደ ላባ የተመለሱ ፒያኖዎች

የስፔኗ ንግሥት ማሪያ ባርባራ በ1758 ሲያርፉ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ንብረታቸው በቤተ መንግሥት ወግ አንድ በአንድ ተመዘገበ። በመዝገቡ ውስጥ 12 ባለ ቁልፍ የሙዚቃ መሣሪያዎች ይገኛሉ። አምስቱ ከጣሊያን፣ ከፍሎረንስ ከተማ የመጡ ፒያኖዎች ናቸው፤ ያኔ ፒያኖ ጥቂት ሰው ብቻ የሰማው አዲስ ዕቃ ነበር። የሚገርመው መዝገቡ ስለ ሁለቱ የሚለው ነው። ቀድሞ ፒያኖ የነበሩ፣ ኋላ ግን መዶሻቸው ወጥቶ የላባ መምቻ የገባላቸው፣ ማለትም ወደ ሃርፕሲኮርድ የተቀየሩ ናቸው።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ስለ ባለ ቁልፍ መሣሪያዎች በተለምዶ የሚነገረው ታሪክ ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤ ሃርፕሲኮርድ ነበረ፣ ድክመቱ ታየ፣ ፒያኖ ተተካበት፣ ፒያኖውም እያደገ ሄዶ ዛሬ በኮንሰርት መድረክ ላይ የምናየው ግዙፍ ጥቁር ዕቃ ሆነ። ንግሥቲቱ ደግሞ ጆሯቸው ያልሠለጠነ፣ መሣሪያ የሚሰበስቡት ለአዳራሽ ማስጌጫ ብቻ የሆነ ሰው አልነበሩም። መምህራቸው በ1685 ኔፕልስ የተወለደው ዶሜኒኮ ስካርላቲ ነበር። በሊዝበን ገና ልዕልት ሳሉ ጀምሮ አስተምሯቸዋል፤ በ1729 ለስፔኑ አልጋ ወራሽ ሲዳሩ ተከትሏቸው ሄዶ በ1757 ማድሪድ ላይ እስኪሞት ድረስ በቤታቸው ኖሯል። ዛሬ የሚታወቁት 555 ሶናታዎቹ አብዛኛዎቹ የተረፉት በንግሥቲቱ ቤት ተገልብጠው በተጠረዙ ጥራዞች ነው። እንዲህ ያለ ሙዚቃ የሚጫወቱ ሴት አዲሱን አስወጥተው አሮጌውን ያስገቡት ያለ ምክንያት አይሆንም። ምክንያቱን ለማግኘት የሁለቱንም መሣሪያ ክዳን ገልጦ ሆዳቸውን ማየት ያስፈልጋል።

የሃርፕሲኮርድ ቁልፍ ሲጫኑት በወዲያኛው ጫፉ ላይ የቆመች ቀጭን የእንጨት ዘንግ ወደ ላይ ትነሳለች። በዘንጓ ራስ አጠገብ ወዲያና ወዲህ የምትል ትንሽ ምላስ አለች፤ በምላሷ ላይ ከቁራ ክንፍ ላባ ተሰንጥቆ በቢላ የተቀረጸ ስንጥር ተሰክቷል። ዘንጓ ስትወጣ ስንጥሩ አውታሩን ከሥሩ ይገርፈዋል፤ በገና ደርዳሪ ግርፉን ይዞ አውታሩን እንደሚመታው ማለት ነው። ቁልፉ ሲለቀቅ ዘንጓ ትወርዳለች፣ ምላሷ ወደ ኋላ ታጥፋ ስንጥሩን ታሳልፈዋለች፣ ከጎኗ ያለችው ቁራጭ ጨርቅም አውታሩ ላይ አርፋ ድምፁን ትዘጋዋለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጥ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ላባ ይደክማል፤ ይሰነጠቃል፣ ይሰበራል። ስለዚህ ሃርፕሲኮርድ ያለው ሰው ቢላም ላባም አጠገቡ መያዝ ነበረበት። የዮሐን ሴባስቲያን ባኽን የሕይወት ታሪክ ቀድሞ የጻፈው ፎርክል እንደሚለው፣ ባኽ የሌላ ሰው አቀራረጽ አልጥመው ስለሚል የሃርፕሲኮርዱን ላባ ራሱ ነበር የሚተካው። መሣሪያውንም ራሱ ይቃኝ ነበር፤ ሥራውም ከሩብ ሰዓት በላይ አይወስድበትም።

የዚህ ሙያ ታላቅ ቤት በዛሬዋ ቤልጂየም፣ በአንትወርፕ ከተማ ነበር። ሐንስ ሩከርስ በ1579 የከተማዪቱ ሠዓሊዎችና ጥበበኞች ወደሚሰባሰቡበት የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር ገባ፤ ልጆቹ ዮአኔስና አንድሪያስም ሙያውን ወርሰው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ መሣሪያቸውን ወደ አውሮፓ ከተሞች ሁሉ ላኩ። የሩከርስ ሃርፕሲኮርድ ክዳኑ ሲነሳ በድምፅ ሰሌዳው ላይ አበቦች፣ ወፎችና ነፍሳት በቀለም ተሥለው ይታያሉ፤ በክዳኑ ላይም የላቲን አባባል ይጻፍበታል። ውበቱ ግን ዋናው ነገር አልነበረም። ሰሌዳው የሚሰጠው ድምፅ ከመቶ ዓመት በኋላም የፓሪስ ባለሙያዎችን ያስቀና ነበር።

ከቅናት ንግድ ተወለደ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ የብላንሼ ቤተሰብ፣ በኋላም ፓስካል ታስካን፣ አሮጌ የሩከርስ ሳጥኖችን እየገዙ በሁለት በኩል ያሰፏቸው፣ ቁልፍና አውታር ይጨምሩላቸው፣ ወርቅ ቀብተው በውድ ዋጋ ይሸጧቸው ነበር። ገበያው ሲሞቅ አጭበርባሪውም አልጠፋ፤ ከሩከርስ እጅ አንዲት ቁራጭ እንጨት ያልገባባቸው መሣሪያዎች የሩከርስ ስም ተጽፎባቸው ይሸጡ ጀመር። የዛሬ የሙዚየም ባለሙያዎች አንዱ ሥራ ይህን መለየት ነው።

እንዲህ የተከበረው መሣሪያ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ጣት ቢጠነክርም ቢለዝብም ላባው አውታሩን የሚገርፈው በዚያው መጠን ነው፤ ድምፁ በጣት ኃይል አይጎላም፣ አይቀንስም። ይህን የሃርፕሲኮርድ ወዳጆች ራሳቸው ያውቁት ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ኩፔራን በ1713 ባሳተመው የመጀመሪያ የሃርፕሲኮርድ መጽሐፉ መግቢያ ላይ፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚያስችል ብልሃት ለሚፈጥር ሰው ምስጋናው የማያልቅ መሆኑን ጽፏል። ብልሃቱ ፍሎረንስ ውስጥ ተገኝቶ ካደረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ኩፔራን ግን መፍትሔ እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። በ1716 ያሳተመው የሃርፕሲኮርድ አጨዋወት መምሪያ፣ መጎላትና መቀነስ የማይችል መሣሪያ እንዴት እንደሚናገር ያሳያል። አንዱን ድምፅ ትንሽ አዘግይቶ ማስገባት፣ አንዱን ከጊዜው ቀድሞ መቁረጥ፣ ሁለት ጎረቤት ድምፆችን እያፈራረቁ ማንቀጥቀጥ፣ ኮርድን በአንድ ጊዜ ከመምታት ይልቅ ከታች ወደ ላይ መበተን። ተማሪዎች ዛሬ በፒያኖ ሲጫወቷቸው የዜማ ጌጥ ብቻ የሚመስሏቸው እነዚያ ጥቃቅን ምልክቶች ያኔ የአነጋገሩ ዋና ክፍል ነበሩ። ቶሎ የሚሞት ድምፅ በማንቀጥቀጥ ይረዝማል፤ ሊጎላ የማይችል ድምፅ በመዘግየቱ ጆሮ ይስባል።

ሌላው መፍትሔ ከእንጨት የተሠራ ነበር። ትልልቆቹ ሃርፕሲኮርዶች ከላይና ከታች የተደራረቡ ሁለት የቁልፍ ረድፎች ነበሯቸው፤ አንዱ ሙሉ ድምፅ፣ ሌላው ሳሳ ያለ ድምፅ ይሰጣል። ባኽ በ1741 የታተመውን ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ የሚባለውን ሥራ የጻፈው ለእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ ከ30ዎቹ ክፍሎች የትኞቹ በሁለት ረድፍ እንደሚመቱም በኖታው ላይ አስፍሯል። በእነዚያ ክፍሎች ሁለቱ እጆች በአንድ ቦታ ይገናኛሉ፣ ይተላለፋሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይሻገራል። በሃርፕሲኮርድ ላይ አንዱ እጅ ፎቅ፣ ሌላው ምድር ቤት ስለሆነ አይጋጩም። በፒያኖ ላይ ግን አሥሩም ጣት በአንድ መስመር ይገፋፋል፤ ፒያኖ ተጫዋቹ አንዱን እጅ ከፍ አድርጎ ሌላውን ከሥሩ አሾልኮ፣ አንዳንዴም አንድን ቁልፍ ከአንዱ ጣት ቀምቶ ለሌላው እየሰጠ ነው የሚወጣው። ጭንቁ ሁሉ የመጣው ሙዚቃውን ወዳልተጻፈለት መሣሪያ በማምጣት ነው።

ድምፅን በጣት መቆጣጠር ፈጽሞ አይቻልም ነበር ማለት ግን አይደለም። ክላቪኮርድ የሚባለው አነስተኛ መሣሪያ ነበር። ቁልፉ ሲጫኑት ጫፉ ላይ የተተከለች የናስ ምላጭ አውታሩን ነክታ እዚያው ትቆያለች። ጣት ቁልፉ ላይ እስካለ ድረስ ተጫዋቹ አውታሩን እንደያዘው ይቆጠራል፤ ጣቱን ቢያወዛውዝ ድምፁ ይርገበገባል። የባኽ ልጅ ካርል ፊሊፕ ኤማኑኤል ከሁሉ አብልጦ የወደደው ይህን ነበር። ችግሩ ድምፁ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሰው ቢያወራ ይሸፍነዋል።

የክላቪኮርድን ስሜትና የሃርፕሲኮርድን ድምፅ አንድ ላይ ያመጣው ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ ነው። በ1655 ፓዱዋ የተወለደ መሣሪያ ሠሪ ሲሆን፣ በ1688 አካባቢ የፍሎረንሱ ልዑል ፈርዲናንዶ ዴ ሜዲቺ የመሣሪያዎቻቸው ጠባቂና ሠሪ አድርገው ቀጠሩት። በ1700 የተጻፈው የሜዲቺ ቤት የንብረት መዝገብ ለስላሳም ጠንካራም ድምፅ የሚሰጥ አዲስ የክሪስቶፎሪ መሣሪያ በቤቱ መኖሩን ይገልጻል።

አውታርን በመዶሻ መምታት ራሱ አዲስ ሐሳብ አልነበረም። አስቸጋሪው መዶሻው ከመታ በኋላ ያለው ነው። መዶሻው አውታሩ ላይ ካረፈ ድምፁን ያፍናል፤ ስለዚህ ጣት ቁልፉን ጭኖ እያለ እንኳ መዶሻው ብቻውን ተላቆ መውደቅ አለበት። ሲወድቅ ደግሞ ነጥሮ እንደገና እንዳይመታ የሚይዘው ያስፈልጋል። ክሪስቶፎሪ ቁልፉንና መዶሻውን በመሃል በሚለያይ ዘንግ አገናኛቸው፣ ከመዶሻው ጀርባ መያዣ አቆመ፣ የመዶሻውንም ራስ ወረቀት ጠቅልሎ አጣብቆ ጫፉን በቆዳ አለበሰው። ቀላል፣ ጠንካራ፣ አውታሩን የማይቧጭር መዶሻ ወጣው። የዛሬ ፒያኖ አሠራር በመሠረቱ ይኸው ነው።

ከእጁ ሥራ ሦስት ፒያኖዎች ብቻ ተርፈዋል፤ የ1720ው ኒውዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ የ1722ቱ ሮም፣ የ1726ቱ ላይፕዚግ ይገኛሉ። የሮሙና የላይፕዚጉ አራት ኦክታቭ፣ 49 ቁልፍ ያላቸው ናቸው። የንግሥት ማሪያ ባርባራ እንቆቅልሽ አንዱ ፍንጭ እዚህ ላይ ነው። ስካርላቲ በኋላ ዘመኑ ከጻፋቸው ሶናታዎች ብዙዎቹ እስከ አምስት ኦክታቭ ስፋት ይፈልጋሉ፤ እንዲህ ባለ ጠባብ ፒያኖ ላይ ሊጫወቷቸው ቢሞክሩ ቁልፉ ያልቃል። የመጀመሪያዎቹ ፒያኖዎች ድምፅ ደግሞ ዝግ ያለና ሞቅ ያለ ነው። እጆች በፍጥነት የሚሻገሩበት፣ አንድ ኖታ በተለዋወጡ ጣቶች የሚደጋገምበት፣ የጊታር ግርፊያ የሚመስለው የስካርላቲ አጻጻፍ ጥርት ብሎ የሚሰማው በላባ ነው። ፒያኖ በዚያ ቤት ሦስት ሆኖ ቀርቷልና ንግሥቲቱ አልናቁትም፤ ሥራውን ለይተውለት ነበር ብሎ መገመት ይቻላል።

የክሪስቶፎሪ ፈጠራ በአገሩ ብዙ ጩኸት አላስነሳም። ጸሐፊው ሺፒዮኔ ማፌይ በ1711 በቬኒስ መጽሔት ላይ ከነሥዕሉ ገለጸው። ለፒያኖ ብቻ ተብሎ የተጻፈው የመጀመሪያው የሙዚቃ መጽሐፍ፣ የሎዶቪኮ ጁስቲኒ 12 ሶናታዎች፣ በ1732 ፍሎረንስ ታተመ። ሠሪው ግን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሞቶ ነበር። ፍሬው የታየው የማፌይ ጽሑፍ በ1725 ወደ ጀርመንኛ ከተመለሰ በኋላ ነው። የኦርጋን ሠሪው ጎትፍሪድ ዚልበርማን በዚያው አሠራር ፒያኖ ሠርቶ ለባኽ አሳየው። ባኽ ድምፁን ወደደ፤ ከላይ ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ደካማ፣ ቁልፉም ለጣት ከባድ መሆኑን ግን ሳይሸሽግ ነገረው። ዚልበርማን ቅር አለው፤ ቅሬታውን ዋጥ አድርጎም ዓመታት ፈጅቶ አሻሻለው።

የተሻሻለውን የፕሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ፍሬድሪክ ደጋግመው ገዙ። በግንቦት 1747 ባኽ ወደ ፖትስዳም ሲመጣ ንጉሡ በየክፍሉ እያዞሩ የዚልበርማን ፒያኖዎቻቸውን አስሞከሩት፤ አንድ ዜማም ሰጥተው እዚያው እንዲያስፋፋው ጠየቁት። ሙዚካል ኦፈሪንግ የሚባለው የባኽ ሥራ የተወለደው ከዚያ ምሽት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ባኽ በአንድ የዚልበርማን ፒያኖ ሽያጭ ደላላ ሆኖ የፈረመበት ደረሰኝ ተርፏል። እንግዲህ የሃርፕሲኮርዱ ታላቅ ደራሲ ራሱ ፒያኖ ሸጧል።

ለንደን ላይ ፒያኖ ከቤተ መንግሥት ወደ መካከለኛ ቤት ወረደ። ከጀርመን የመጣው ዮሐንስ ዙምፔ በ1766 ጠረጴዛ የሚመስል አራት ማዕዘን ትንሽ ፒያኖ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። ዋጋው ከሃርፕሲኮርድ ያነሰ፣ ለጠባብ ሳሎን የሚበቃ ነበርና ገበያው እጁን አፋጠነው። በሰኔ 1768 የባኽ የመጨረሻ ወንድ ልጅ ዮሐን ክርስቲያን በለንደን ሕዝብ ፊት ብቻውን ፒያኖ ተጫወተ።

ሃርፕሲኮርድ ሠሪዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ስዊዘርላንዳዊው ቡርካት ሹዲ በ1769 በአውታሮቹ ላይ እንደ መስኮት መዝጊያ የሚከፈትና የሚዘጋ የእንጨት ክዳን ፈጥሮ መብቱን አስመዘገበ፤ ተጫዋቹ በእግሩ ሲረግጥ ክዳኑ እየተከፈተ ድምፁ ያድጋል። ጥሩ ሙከራ ነበር። ዳሩ ግን የሹዲ አማች ጆን ብሮድዉድ ራሱ ልቡ ወደ ፒያኖ አዘንብሎ፣ ድርጅታቸው በ1793 ሃርፕሲኮርድ መሥራት አቆመ።

በዚያው ዘመን ፓሪስ ላይ መጨረሻው የከፋ ሆነ። የፈረንሳይ አብዮት ከመኳንንቱ ቤት የወረሳቸውን መሣሪያዎች በመዝገብ እየጻፈ በመንግሥት ግምጃ ቤት አጎረ። ከእነዚያ ሃርፕሲኮርዶች ብዙዎቹ ኋላ ኮንሰርቫቷር በሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የክረምት ማሞቂያ ማገዶ ሆኑ ተብሎ ይተረካል። ከታስካን ወርቅ ቅብ ሳጥኖች ጥቂቶቹ ዛሬም በሙዚየም ይታያሉ።

ፒያኖው ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። በ1777 የ21 ዓመቱ ሞዛርት ከአውግስቡርግ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ የዮሐን አንድሪያስ ሽታይንን ፒያኖ አድንቆ አይጠግብም። መዶሻው ቁልፉ ቢያዝም ባይያዝም ወዲያው ይወድቃል፤ ድምፁ ሳይንጫጫ ሳይቆራረጥ እኩል ይወጣል። ሽታይን የድምፅ ሰሌዳውን ከሠራ በኋላ ለፀሐይ፣ ለዝናብና ለበረዶ እንደሚያጋልጠው ሞዛርት በዚያው ደብዳቤ ይተርካል፤ እንጨቱ መሰንጠቁ ካልቀረ እዚያው ይሰንጠቅ፣ ከዚያ ስንጥቁ በሽብልቅ ይሞላል፣ ከእንግዲህም አይሰነጠቅም ብሎ ነው። ዋጋው ከ300 ጉልደን አይወርድም።

ሞዛርት ኋላ ቪየና ላይ የገዛው የአንቶን ቫልተር ፒያኖ ዛሬ ሳልዝቡርግ ይገኛል። አምስት ኦክታቭ፣ 61 ቁልፍ አለው፤ ውስጡ አንዳች የብረት ማቀፊያ የለውም፤ ክብደቱ 100 ኪሎ እንኳ አይሞላም። የዛሬ ትልቅ የኮንሰርት ፒያኖ ወደ 480 ኪሎ ይመዝናል። የሞዛርት አባት በ1785 ልጁን ሊጠይቅ ቪየና ሄዶ ሳለ ለሴት ልጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ፒያኖው እርሱ ከመጣ ወዲህ ቢያንስ 12 ጊዜ ከቤት ወጥቶ ወደ ቲያትርና ወደ ሰው ቤት መወሰዱን ይናገራል። ሸክሙ የሚቻል ነበር። በዚያ ፒያኖ ላይ ቁልፉ የሚወርደው ጥቂት ነው፣ መዶሻው ትንሽና ቆዳ የለበሰ ነው፣ አውታሩ ቀጭን ነው። ድምፁ ቶሎ ተነስቶ ቶሎ ይጠፋል። የሞዛርት ኖታ ላይ በየሁለትና በየሦስት ድምፁ የሚታዩት አጫጭር ማያያዣ ቅስቶች በዘመናዊ ፒያኖ ሲጫወቱ አላስፈላጊ ይመስላሉ፤ በቫልተር ላይ ግን እንደ ንግግር ትንፋሽ ይሰማሉ።

የሽታይን ልጅ ናኔት ሙዚየም የሚያውቃት፣ ታሪክ ግን የዘነጋት ሴት ናት። በስምንት ዓመቷ በሞዛርት ፊት ተጫውታ፣ እርሱ የአቀማመጧን ነገር በደብዳቤው ተሳልቆበታል። አባቷ ሲሞት ሙያውን ይዛ በ1794 ወደ ቪየና ገባች፤ ከ1802 ጀምሮም ናኔት ሽትራይኸር በሚል የትዳር ስሟ የራሷን ፋብሪካ መራች። ለቤትሆቨን መሣሪያ ትልክለት ነበር። የቤት ነገር ሲያቅተውም ሠራተኛ የምታገኝለት፣ ልብስና ዕቃውን የምታስተካክልለት እርሷ ነበረች።

ቤትሆቨን ከማንኛውም መሣሪያ ጋር ሰላም ያልነበረው ሰው ነው። በ1803 ከፓሪስ የመጣለት የኤራር ፒያኖ አምስት ተኩል ኦክታቭና አራት ፔዳሎች ነበሩት፤ ዋልድስታይን የተባለው ሶናታው የተጻፈው ይህ መሣሪያ ከደረሰው በኋላ ነው። ቁልፉ ግን ከቪየናው ይከብድ ስለነበር ደጋግሞ አስለወጠው። በ1817 መጨረሻ የለንደኑ ቶማስ ብሮድዉድ በስጦታ የላከለት ስድስት ኦክታቭ ፒያኖ በመርከብ እስከ ትሪዬስቴ፣ ከዚያ በጋሪ ተራራውን አቋርጦ ቪየና ገባ። ያኔ የቤትሆቨን ጆሮ ከመስማት ተርታ ወጥቶ ነበር። መሣሪያው ኋላ ለፍራንዝ ሊስት ደርሶ ዛሬ ቡዳፔስት በብሔራዊ ሙዚየም ቆሟል።

መሣሪያው ኖታውን እንዴት እንደሚፈታ ለማየት ከ1801ዱ የጨረቃ ብርሃን ሶናታ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ቤትሆቨን የመጀመሪያው ክፍል ከዳር እስከ ዳር ድምፅ ማፈኛው ተነስቶ እንዲመታ በግልጽ ጽፏል። በዘመናዊ ፒያኖ ይህን ቃል በቃል የፈጸመ ሰው ጥቂት እንደሄደ ድምፁ ሁሉ እርስ በርሱ ተደባልቆ ጭቃ ይሆንበታል። ስለዚህ አብዛኛው ተጫዋች ኮርዱ በተቀየረ ቁጥር ፔዳሉን ያድሳል፤ ደራሲው ያላለውን ይሠራል ማለት ነው። በ1801 በነበረው የቪየና ፒያኖ ላይ ግን፣ ማፈኛውን በጉልበት በሚገፋ ዘንግ አንስቶ በለስላሳው ሲመቱት፣ ያለፈው ኮርድ አዲሱ ሲመጣ አብዛኛው ሞቶ ይቆያል። የሚቀረው ስስ ጥላ ነው። ቤትሆቨን የፈለገው ያንን ጥላ መሆኑ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

ፖላንዳዊው ደራሲ ሾፓን በ1831 ፓሪስ ሲደርስ ከተማዋ በሁለት ፒያኖ ቤቶች ተከፍላ ነበር። ኤራር በ1821 መዶሻው ሙሉ በሙሉ ሳይወድቅ ቁልፉ ደግሞ እንዲመታ የሚያደርግ አዲስ አሠራር አስመዝግቦ ነበር፤ ሊስትን የመሰሉ ኃይለኞች የሚመርጡት እርሱን ነው። የፕሌየል ፒያኖ ቀለል ያለ፣ እንደ ጣቱ ጥንቃቄ የሚለዋወጥ ነው። ሾፓን ሲያመው ኤራር፣ ሰውነቱ ሲበረታ ፕሌየል እንደሚመርጥ ይናገር ነበር፤ ኤራሩ ድምፁን አዘጋጅቶ ይሰጠዋል፣ ፕሌየሉ ላይ ግን ድምፁን ራሱ መፍጠር አለበት። በ1838 ክረምት ወደ ማዮርካ ደሴት ሲሄድም ከፓሪስ የተላከለት የፕሌየል ፒያኖ ጉምሩክ ላይ ተይዞ በጥር 1839 ነው እጁ የገባው። የካቲት 1848 በፓሪስ ያደረገው የመጨረሻ ኮንሰርትም በፕሌየል አዳራሽ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብረት መጣ። አዳራሾች ሰፉ፣ አውታር ወፈረ፣ የእንጨት ማቀፊያ ውጥረቱን መቻል አቃተው። በ1825 የቦስተኑ አልፊየስ ባብኮክ ቀልጦ የፈሰሰ አንድ ወጥ የብረት ማቀፊያ አስመዘገበ፤ በ1826 ፓሪስ ላይ ዣን አንሪ ፓፕ ቆዳውን በታመቀ ሱፍ ተካው፤ በ1859 ኒውዮርክ ላይ የስታይንዌይ ቤት የወፍራሞቹን አውታሮች በሌሎቹ ላይ አሻግሮ የሚዘረጋ ግራንድ ፒያኖ አስመዘገበ። ዛሬ በአንድ ትልቅ ፒያኖ ውስጥ ያሉት አውታሮች ማቀፊያውን የሚስቡት በ20 ቶን ገደማ ኃይል ነው። ድምፁ ረዥምና የተመዛዘነ ሆነ፤ ከኦርኬስትራ ጋር ፊት ለፊት ይቆማል። ዋጋውም ተከፈለ። በቀድሞዎቹ ፒያኖዎች የታችኛው፣ የመካከለኛውና የላይኛው ድምፅ የተለያየ ጠባይ ነበረው፤ ሹበርት የእጆቹን ድርሻ ያከፋፈለው ያንን እያሰበ ነው። አዲሱ ፒያኖ ሦስቱንም አንድ ዓይነት አደረጋቸው።

የጠፋውን ለመፈለግ መጀመሪያ የተነሡት ፒያኖ ሠሪዎቹ ራሳቸው መሆናቸው ያስገርማል። በ1889 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ኤራርና ፕሌየል አዲስ ሃርፕሲኮርድ ሠርተው አቀረቡ። መሣሪያ ሠሪው አርኖልድ ዶልሜች በ1896 ለንደን ላይ የራሱን አሳየ። ዋርሶ የተወለደችው ሃርፕሲኮርድ ተጫዋች ዋንዳ ላንዶቭስካ ግን ነገሩን የሕይወት ጉዳይ አደረገችው። በ1912 ፕሌየል በእርሷ ምክር ትልቅ ሃርፕሲኮርድ ሠራ፤ በ1933 ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስን በሃርፕሲኮርድ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ አስቀረጸች። በ1940 ናዚዎች በፓሪስ አቅራቢያ የነበረውን ቤቷን ዘርፈው መሣሪያዎቿንና መጻሕፍቷን ወሰዱ። እርሷም ሸሽታ ኒውዮርክ የገባችው ጃፓን ፐርል ሃርበርን በደበደበችበት ዕለት ነው።

የላንዶቭስካ መሣሪያ ግን በፒያኖ ሠሪ እጅ የተሠራ፣ ከባድና ባለ ፔዳል ነበር፤ ሩከርስ ቢያየው አያውቀውም። ወደ ምንጩ የተመለሱት ፍራንክ ሀባርድና ዊሊያም ዳውድ ናቸው። በ1949 ቦስተን ላይ ሥራ ጀምረው የአንትወርፕና የፓሪስ መሣሪያዎችን እየለኩ፣ የእንጨቱን ውፍረት እያጠኑ በቀድሞው ልክ ሠሩ። ሀባርድ በ1965 ያሳተመው መጽሐፍ ለሙያው መመሪያ ሆነ። ጉስታቭ ሌዮንሃርትን የመሰሉ ተጫዋቾችም እንዲህ ባሉት መሣሪያዎች ላይ አዲስ አጨዋወት አሳደጉ። ዛሬ አብዛኛው ሃርፕሲኮርድ የቁራ ላባ ፈንታ ፕላስቲክ ይገጠምለታል፤ ጥቂት ባለሙያዎች ግን ላባውን አልተዉትም።

ፒያኖም ተራውን አገኘ። አሜሪካዊው ማልኮም ቢልሰን የሞዛርትን ኮንሰርቶዎች በሞዛርት ዘመን ዓይነት ፒያኖ ቀረጸ፤ በቼክ የሚኖረው ፖል ማክነልቲ የቪየና ሠሪዎቹን የቫልተርንና የግራፍን ፒያኖዎች ቅጂ ይሠራል፤ የቤትሆቨን ኤራርም ቤልጂየም ውስጥ በክሪስ ማኔ ቤት ተቀድቷል። ቅጂ የሚፈለገው ለርካሽነቱ አይደለም። የኒውዮርኩ የክሪስቶፎሪ ፒያኖ ይመታል፤ ይሁንና የድምፅ ሰሌዳው በ1938 ተለውጧል፣ የቁልፎቹም ስፋት ከቀድሞው ተሸጋሽጓል። የሮሙ አይመታም። አሮጌውን ለማስጮህ መጠገን ማለት ሠሪው የተወውን ማስረጃ መፋቅ ሊሆን ስለሚችል፣ ብዙ ሙዚየሞች ዕቃውን ዝም አስብለው ቅጂውን ያናግራሉ። ኤድንብራ ላይ በ1763 በተሠራው የቅድስት ሴሲሊያ አዳራሽ ግን ከዚያው ዘመን የተረፉ መሣሪያዎች እስከ ዛሬ በኮንሰርት ይሰማሉ።

በመስከረም 2018 ዋርሶ ላይ በሾፓን ዘመን መሣሪያዎች የሚካሄደው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሾፓን ውድድር ተከፈተ። ለተወዳዳሪዎች የቀረበው አንድ ፒያኖ አልነበረም፤ ከ1830ዎቹና ከ1840ዎቹ የኤራር፣ የፕሌየልና የብሮድዉድ ፒያኖዎች፣ ከእነርሱም ጋር ማክነልቲ የሠራቸው የግራፍና የቡኽሆልትዝ ቅጂዎች ነበሩ። ተወዳዳሪው የትኛውን ሥራ በየትኛው መሣሪያ እንደሚጫወት ራሱ ይመርጣል። ብዙዎቹ ያደጉት በዘመናዊ ፒያኖ ነበርና፣ አንዱ ቁልፍ ከሌላው የሚከብድባቸውን፣ አንዱ ፔዳል ከሌላው ቶሎ የሚይዝባቸውን መሣሪያዎች በጥቂት ሰዓት ልምምድ መልመድ ነበረባቸው። የፍጻሜው ኮንሰርቶም በዚያው ዘመን መሣሪያዎች ከሚጫወተው፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ኦርኬስትራ ከሚባለው ቡድን ጋር ተደረገ። አሸናፊው ፖላንዳዊው ቶማሽ ሪተር ሲሆን፣ ሁለተኛው ውድድር በ2023 ተካሂዶ ካናዳዊው ኤሪክ ጉዎ አሸነፈ።